የምድጃችን መስታወት ለምን ይጠቁራል?

ጥያቄ፦ ቤታችንን የምናሞቅበት የእንጨት ምድጃ ባለፈው ዓመት እንከን አልነበረበትም። አሁን ግን የበሩ መስታወት እሳቱ በተቀጣጠለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠቁራል፤ በሩን ስንከፍትም ጭሱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ምድጃውን መቀየር ይኖርብን ይሆን?

መልስ፦ ለመቀየር አይቸኩሉ። ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው እንጨቱን ነው፤ ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት የያዘ እንጨት ሙቀቱን ውሃውን በማትነን ስለሚጨርሰው፣ ያልተቃጠለው ጭስ በመስታወቱና በጭስ ማውጫው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ሬንጅ የመሰለ ጥቀርሻ ሆኖ ይጋገራል። ይህ ጥቀርሻ መተላለፊያውን ከማጥበቡም በላይ ራሱ እሳት ሊይዝ ስለሚችል፣ ጭስ ማውጫውን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ማስጠረግ ግድ ነው። እስኪጠረግ ድረስ ምድጃውን አያንድዱ፤ ከጭሱ ጋር ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይገባልና።

ቀጥሎ በበሩ ዙሪያ ያለውን የማሸጊያ ገመድ ይፈትሹ። ምድጃው ቀዝቅዞ ሳለ ቁራጭ ወረቀት በበሩና በክፈፉ መካከል አድርገው ይዝጉና ይሳቡት፤ ያለ ትግል ከወጣ ገመዱ አልቋል። አሮጌውን ፍቀው ካነሡ በኋላ ውፍረቱ እኩል የሆነ አዲስ ገመድ ሙቀት በሚችል ማጣበቂያ ይለጥፉ፤ ሲለጥፉት ግን አይወጥሩት፣ የተወጠረ ገመድ ይቀጥናል። ምድጃው በጣም ያረጀ ከሆነ ገመዱ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖረው ስለሚችል ሥራውን ለባለሙያ ይተዉ።

ለመስታወቱ የተለየ ፈሳሽ መግዛት አያሻም፤ እርጥብ ጋዜጣ በላመና በቀዘቀዘ አመድ ነክተው ቢያሹት ይጠራል።