የጥር ሰርግሽን ቀለም ከነጩ ጀምሪ

እህቴ፣ የሰርጌን ቀለም የትኛውን ልምረጥ ያልሽኝን ጥያቄ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ሰርጉ በጥር፣ ተክሊሉ ጠዋት ደሴ፣ ምሳው ኮምቦልቻ በሙሽራው ወላጆች ግቢ በድንኳን፣ መልሱ ደግሞ ተመልሶ ደሴ እናንተ ቤት። እጮኛሽ ጥቁር ሰማያዊ ብሏል። እናትሽ ከቦርዶ፣ ከዚያ ከጠቆረው ቀይ፣ ሌላ መስማት አይፈልጉም። ሚዜዎችሽ ሴጅ የሚሉትን ግራጫማ አረንጓዴ ከስልክ ላይ አንስተው ልከውልሻል። ባለዲኮሩም ቀለሙን ካላወቅኩ ዕቃ አልይዝልሽም እያለ ነው። አብሽሪ። ደሴ ላይ የሚዜና የመልስ ልብስ ስሰፋ ዓመታት አልፈዋል፤ ሦስት ሰው ሦስት ቀለም ይዞ የሚመጣበት ሰርግ ብዙ ነው፣ መላም አለው።

ከቀለሞቹ በፊት ግን ስለ ነጭ እናውራ። የኛ ሰርግ ማንም ሳይመርጥለት ቀለም አለው። እናትሽ፣ አክስቶችሽ፣ የሙሽራው አያት፣ የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ነጠላና የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው ነው የሚመጡት። አባቶች ጋቢና ኩታ ይደርባሉ። ቬሎሽም ነጭ ነው። ድንኳኑ ሲሞላ ዓይን ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው ያ ነጭ ነው፤ ባለዲኮር ያመጣው ሪባን አይደለም። አንቺ የምትመርጪው ለዚህ ነጭ አንድ ጓደኛ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጓደኛ ስታመጪለት የእናቶች ጥለት ደግሞ የየራሱን ቀለም ይዞ ስለሚመጣ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

ስለ ነጩ ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነጭነቱ ወደ ወተት ያደላል። የቬሎና የፋብሪካ ሳቲን ነጭ ግን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ያ ውድ ፈትል የቆሸሸ ይመስላል። ስለዚህ የጠረጴዛውንና የወንበሩን ልብስ ድምቅ ያለ ነጭ አታድርጊው፤ ክሬም ይሁን። ክሬም ላይ የእናቶች ሸማም ያምራል፣ ቬሎሽም ብቻውን ያበራል። ባለዲኮሩ "ነጭ ነው የሚያምረው" ቢልሽ የእናትሽን ነጠላ ይዘሽ ሄደሽ ጨርቁ ላይ አስቀምጪለት፤ ራሱ ያየዋል።

አሁን ወደ ቦታው ልምጣ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደሽ ስትጨርሺ ሌላ አየር ነው። በጥር ጠዋት ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ሚዜዎችሽ ሻል ደርበው ይንቀጠቀጣሉ፤ ምሳ ሰዓት ኮምቦልቻ ላይ በዚያው ልብስ ያልባቸዋል። ብርሃኑም ይለያያል። የደሴ ጠዋት ብርሃን ቀዝቃዛ ነው፣ ቀለምን ያበርዳል። የኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ፈዛዛውን ቀለም ሁሉ ያነጣዋል፣ የሚያብለጨልጨውን ጨርቅ ዓይን እስኪወጋ ያበራዋል። የመረጥሽው ቀለም በሁለቱም ከተማ መቆም አለበት።

ሦስቱን ቀለሞች በዚህ ልመዝናቸው።

ጥቁር ሰማያዊ ለሙሽራው ሱፍ ጥሩ ነው፤ ይሁንለት። ለሚዜዎች ልብስና ለድንኳኑ ማስዋቢያ ግን አልመክርሽም። ይህ ቀለም በቢጫ አምፖል ሥር ሰማያዊነቱን ያጣና ጥቁር ይሆናል። ድንኳን ውስጥ፣ ያውም መሸት ሲል፣ ሚዜዎቹ ተሰልፈው ሲገቡ ጥቁር የለበሱ ነው የሚመስሉት። ጥቁር ደግሞ በኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንዲት እናት "ምነው ልጆቹን ሐዘን አለበሷቸው?" ብላ ካለች በኋላ ያን ቃል ከሰው ጆሮ ማውጣት አይቻልም። ሙሽራው ብቻውን ሲለብሰው ግን ከነጭ ሸሚዝ ጋር ግርማ አለው። ክራባቱን ቦርዶ ካደረገ ከአንቺም ጋር ይገጥማል።

ሴጁን ሚዜዎችሽ ለምን እንደወደዱት ይገባኛል። ከውጭ የሚመጡት የሰርግ ፎቶዎች ላይ ያ ቀለም ለስላሳ ነው። ግን ሁለት ነገር አለው። በሳቲን ከተሰፋ ኮምቦልቻ ላይ ላብ ያሳያል። እንዲህ ያሉት መካከለኛ ቀለሞች፣ ግራጫ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ እርጥበት ሲነካቸው ይጠቁራሉ፤ ብብትና ጀርባ ላይ ካርታ ይሥላል። በቢጫ መብራት ደግሞ አረንጓዴነቱ ጠፍቶ አቧራ የለበሰ ግራጫ ይሆናል። ለጠይምና ለጥቁር ልጆች ፊት ብርሃን አይሰጥም፤ ካየኋቸው ያማረባቸው ጥቂት ናቸው።

ደስ የሚለው ግን እነዚያ ፎቶዎች ላይ ጠረጴዛው ላይ የሚነሰነሰው ግራጫማ ቅጠል ብዙውን ጊዜ ባህር ዛፍ ነው። እነሱ በገንዘብ ገዝተው የሚያመጡት የኛን ጦሳ ያለበሰው ነገር ነው! ለጋ ባህር ዛፍ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ በላዩ ላይ ነጣ ያለ ዱቄት የመሰለ ነገር ያለው ነው፤ ሚዜዎችሽ የላኩልሽ ቀለም ያ ነው። ከባለቤቱ አስፈቅዳችሁ ከዋዜማው ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ የኮምቦልቻን ሙቀት ከጽጌረዳ በተሻለ ይቋቋማል፣ መዓዛውም ጥሩ ነው። መሬቱ ላይ ቄጤማ መነስነሱ አይቀርም፤ ቄጤማው ከታች፣ ባህር ዛፉ ከላይ ሆኖ አረንጓዴሽ ተሟላ። ሚዜዎችሽም ቀለማቸው ቀረ አይሉም።

ቦርዶን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከእናትሽ ጋር ስለምስማማ ነው። ቦርዶ ከነጭ ሸማ ጋር የሚያምር፣ በቀዝቃዛውም በሞቃቱም ብርሃን የሚቆም፣ ከቀይ እስከ ጥቁር ለሁሉም መልክ የሚሆን ቀለም ነው። እጅሽ ላይ እንሶስላም ይሁን ሂና የምታደርጊ ከሆነ ቦርዶ አበባ ስትይዢ እጅሽና አበባው አንድ ላይ ይናገራሉ፤ ፎቶ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እናትሽ ደግሞ ሲናገሩ የመልሱን ካባ እያሰቡ ይመስለኛል። በወርቃማ ክር የተጠለፈ ቦርዶ ከፋይ ካባ ለሳቸው ትውልድ የሙሽራ መልክ እሱ ነው። ጠይቂያቸው፤ እንደዚያ ከሆነ መልሱ ላይ ሙሉ በሙሉ የሳቸው ይሁን።

የቦርዶ ጣጣ ሁለት ነው። አንደኛው ድንኳን ነው። ብርሃን ሲያንሰው ወደ ቡናማ ይሄዳል። የድንኳኑ ውስጥ ልባስ ደግሞ ሰማያዊ ከሆነ ብርሃኑ በጨርቁ ሲያልፍ ሁሉንም ያቀልመዋል፤ የሰው ፊት ይገረጣል፣ ቦርዶው ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ነጠላው ሰማያዊ ይመስላል። ይህን ፎቶ አንሺም በኋላ አስተካክላለሁ ቢልሽ ሙሉ በሙሉ አይስተካከልም። ስለዚህ ድንኳኑን ስትከራዩ ቀለሙን ጠይቁ፤ ውስጡ በነጭ ወይም በክሬም ጨርቅ ይሸፈን። ከሪባንና ከፊኛ ገንዘብ ቀንሰሽ እዚህ ላይ አውጪ። ከሁሉም የዲኮር ወጪ ይበልጥ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው።

ሁለተኛው፣ ቦርዶ ቀለም ይለቃል። በተለይ ገበሩ። ኮምቦልቻ ላይ ሚዜሽን ሲያልባት የገበሩ ቀለም ነጭ ነጠላ ላይ ቢወጣ አይለቅም። ከመግዛትሽ በፊት ነጭ የጥጥ ጨርቅ አርጥበሽ ጨርቁንም ገበሩንም ጠንከር አድርገሽ እሺው። ነጩ ላይ ሮዝ ነገር ከታየ ተዪው፣ ነጋዴው ምንም ቢምልልሽ።

ጨርቁን ስትገዢ ከስልክ ፎቶ አትምረጪ። ስልክ የራሱ መብራት ስላለው ቀለሙን አጉልቶ ነው የሚያሳይሽ፤ ጨርቅ ደግሞ የሚታየው በወደቀበት ብርሃን ነው። ግማሽ ሜትር አስቆርጪና ከሱቁ ይዘሽ ውጪ። ደጅ ላይ እዪው፣ ኮምቦልቻ ስትወርጂ ግቢው ውስጥ በቀትር እዪው፣ ማታ በቤት አምፖል ሥር እዪው፤ ሁልጊዜም የእናትሽ ነጠላ ከጎኑ ይሁን። ከወደድሽው ለሁሉም ሚዜዎች ከአንድ ጣቃ ይቆረጥ። ስሙ ቦርዶ ሆኖ ሁለት ጣቃ አንድ ዓይነት ቀለም አይሰጥም፤ ሱቅ ውስጥ አንድ የመሰለሽ ፀሐይ ላይ ይለያል። እያንዳንዷ ሚዜ የየራሷን ከየሱቁ ትግዛ ማለት የመጨረሻው ስህተት ነው። ረጅም ቀሚስ እንደ አሰፋፉና እንደ ጨርቁ ስፋት ከ3 እስከ 4 ሜትር ይወስዳል፤ ከዚያ ላይ ለክራባትና ለቀለበት ያዥ ሕፃናት ጨምሪበት። የጨርቁ ዓይነት ሺፎን የሚሉት ስስ ጨርቅ ይሁን፤ ከፋይ ለመልሱ ለደሴ ብርድ ይቆይ፣ በኮምቦልቻ ቀትር ከፋይ ማልበስ በልጆቹ ላይ መጨከን ነው። ሁሉም ሚዜዎች አንድ ስፌት መልበስ የለባቸውም። ቀለሙ አንድ ከሆነ አንገቱንና እጅጌውን እንደየሰውነታቸው ተዪላቸው፤ ከሰርጉ በኋላም ይለብሱታል።

ስለ ቤተሰብ ወጥ ልብስ ጠይቀሽ ነበር፤ አክስቶችሽ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥለት ይግዙ ወይ ብለሽ። እኔ ተዪው ባይ ነኝ። ከተሞቻችን በ2014 በጦርነቱ ያዩትን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ከዚያ ወዲህ ያልተነሳ ቤተሰብ ስንት አለ። ኑሮውም ኑሮ ነው። አንዷ አክስት መግዛት አቅቷት በሆነ ሰበብ ከሰርግሽ ብትቀር የትኛው ፎቶ ይክሳታል? ያላቸውን ሸማ ይልበሱ። አንድ እንዲሆኑ ከፈለግሽ አንቺ ቀጭን የቦርዶ ሪባን አበባ አሠርተሽ በር ላይ ለእናቶች ደረታቸው ላይ ይሰካላቸው። ወጪው ትንሽ ነው፣ ሁሉም የሰርጉ ሰው ይሆናሉ።

አሁን የምለውን ደግሞ ከልቤ ስሚኝ። ግማሹ ዘመድሽ ሙስሊም እንደሆነ ጽፈሻል፤ ወሎ ነንና። ለሙስሊሙ በሙስሊም የሚታረድ፣ ለብቻው የሚሠራ፣ ድንኳኑም ለብቻው ይሆናል። እኔም ሙስሊም ነኝና ከእንግድነቴ ልንገርሽ። ዲኮሩ ሁሉ ሙሽሮች ያሉበት ድንኳን ላይ አልቆ የሙስሊሙ ድንኳን ባዶ ጠረጴዛና የተገኘው ወንበር የሆነበት ሰርግ ላይ ተቀምጫለሁ። ምግቡ ተሟልቶ፣ አስተናጋጁ አክብሮን ነበር። ግን ዓይን ያያል፤ እናቶቻችን ምንም አይናገሩም እንጂ ያዩታል። ከባለዲኮሩ ጋር ስትዋዋይ የሁለቱ ድንኳን የጠረጴዛ ልብስ፣ ቅጠልና አበባ እኩል እንዲሆን አስገቢው። ገንዘቡ ካልበቃ ከመድረኩ ቀንሺ። ፎቶ አንሺውንም እዚያ ድንኳን ገብቶ እንዲያነሳ፣ እናንተም ሙሽሮቹ ምሳ ላይ ዞር ብላችሁ እንድትመረቁ ከአሁኑ በፕሮግራሙ ላይ ይጻፍ።

ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ተክሊል ላይ የምትለብሱት ካባና የምትደፉት አክሊል የቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ እዚያ ቀለም መምረጥ የአንቺ ሥራ አይደለም። ሚዜዎች ነጠላ ይልበሱ፣ የነጠላው ጥለት ቦርዶ ከሆነ በቂ ነው።

እንግዲህ ለባለዲኮሩ እንዲህ በዪው፦ ጠረጴዛና ወንበር ክሬም፣ የድንኳን ውስጥ ልባስ ነጭ ወይም ክሬም፣ ቦርዶ አበባና የጠረጴዛ መሐል ጨርቅ ላይ ብቻ፣ ቅጠሉ ባህር ዛፍ፣ መብራቱም በዛ ያለ። ወርቃማ ከፈለገ ሻማ መያዣው ላይ ያድርገው፤ ከዚያ አይለፍ። ነጭ ጽጌረዳ ብዙ አታስገቢ፤ ሙቀት ሲነካው ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ቶሎ ይታያል።

ጥለቱን ለሚሠራው ሸማኔ ግን ዛሬ ነገ አትበዪ። ታኅሣሥ ከገባ የጥርና የየካቲት ሙሽራ ሁሉ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ብሎ፣ እሱ በር ላይ ነው፤ ያኔ ያዘዝሽው ጥለት ተጣድፎ ይሠራል ወይም አይደርስም። ስትሄጂ የቆረጥሽውን ግማሽ ሜትር ቦርዶ ይዘሽ ሂጂ፣ ክሩን ከጨርቁ ጋር አብራችሁ በቀን ብርሃን ምረጡ፣ ትንሽ ሠርቶ እንዲያሳይሽ ጠይቂ። የሚከፈለውን ቀብድ ከዚያ በኋላ ስጪው።