ሲቲ ስካኑ ንጹህ ነው ብለው ቢሸኙሽም ጉዳዩን አትተዪው

እህቴ፣ ባለቤትሽ ቁርስ ሳይበላ ሲያረፍድ እንደሚንቀጠቀጥ፣ በላብ እንደሚጠመቅና እንደሚዘባርቅ፣ ጣፋጭ ሲቀምስ ግን ወደ ራሱ እንደሚመለስ ጽፈሻል። «ጭንቀት ነው፣ ሲቲ ስካኑም ንጹህ ነው ተባልን፣ ምን ይሻላል?» ብለሻል። ታናሽ ወንድሜም ልክ እንደዚህ ነበር። በመጨረሻ ኢንሱሊኖማ ሆኖ ተገኘ፤ ቆሽት ላይ የምትበቅል፣ ስኳር ወርዶም ቢሆን ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን) ማመንጨት የማታቆም እጢ ናት።

1. ሲቲውን ለጊዜው ተዪው። እነዚህ እጢዎች አብዛኞቹ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያንሳሉ፤ ሲቲ ሊያልፋቸው ይችላል። መጀመሪያ በደም ይረጋገጣል፣ ቦታው ከዚያ ይፈለጋል። እኛን ግን አንዱ ሐኪም ፊልሙን አይቶ «ልጁ ጤነኛ ነው፣ ሥራ ፈልጉለት» ብሎ ሸኘን። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ቀጥሎ የሚጥል በሽታ ነው ተባለና መድኃኒት ሲውጥ ከረመ። ሌሊት ባንቀጠቀጠው ቁጥር መጠኑን ይጨምሩለታል። ስኳሩን የለካለት አልነበረም!

2. ደሙ የሚቀዳው ስኳሩ በወረደበት ሰዓት ነው። ከሁሉም በላይ ይህን ያዢልኝ። ድንገተኛ ክፍል በሄድን ቁጥር ግሉኮስ (ስኳር) ይሰጡታል፣ ይነቃል፣ ወደ ቤት ይሉናል። ግሉኮሱ ሕይወቱን አትርፎታል፣ በዚህ አላማርርም። ግን መርፌው ደም ሥሩ ውስጥ ገብቶ ሳለ ቀድሞ ትንሽ ደም መቅዳት ምን ይከብዳል? ስጠይቅ «ሐኪሟ አንቺ ነሽ?» ተባልኩ። ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀዳ ደም ለዚህ ምርመራ አይረባም።

ከዚያው ደም ግሉኮስ፣ ኢንሱሊን፣ ሲ-ፔፕታይድና ፕሮኢንሱሊን (ኢንሱሊን የሚሠራበት ጥሬው) አብረው ይለካሉ። ግሉኮሱ በዴሲ ሊትር ከ55 ሚሊ ግራም በታች ሆኖ፣ በሚሊ ሊትር ኢንሱሊኑ 3 ማይክሮ ዩኒት፣ ሲ-ፔፕታይዱ 0.6 ናኖ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሲ-ፔፕታይድ የሚወጣው ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን ሲሠራ ነው፤ በመርፌ የተወሰደ ኢንሱሊን ይህን አያመጣም። አንዳንድ የስኳር ክኒኖች ግን ተመሳሳይ ውጤት ስለሚሰጡ የእነሱም ምርመራ አብሮ ይታዘዝ። ቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ ካለ ለሐኪሙ ንገሪ።

3. ደብተር ያዢ። መቼ በላ፣ መቼ ጀመረው፣ የጣት መለኪያው ስንት አለ፣ ጣፋጭ ሲወስድ ምን ሆነ። የእኔን ደብተር አንዲት የሆርሞን ሐኪም ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። «ይህን የጻፈ ሰው ጎበዝ ነው» ስትል እንባዬ መጣ። ወዲያው አስተኝታ የጾም ምርመራውን ጀመረችለት። እስከ 72 ሰዓት ሊሄድ ይችላል፤ ወንድሜ ያን ያህል እንኳ አልቆየም፣ ስኳሩ ወረደ፣ ደሙም በሰዓቱ ተቀዳ። ይህን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት፣ አደራ!

ከዚያ በኋላ ነው በጉሮሮ በሚገባው አልትራሳውንድ የፈለጓት። ቆሽቱ ጭራ ላይ ተገኘች፤ በቀዶ ጥገና ወጣችለት። ከ10 ኢንሱሊኖማዎች 9 ያህሉ ወደ ሌላ አካል የማይሠራጩ ናቸው፣ ስለዚህ ገና ከአሁኑ አትሸበሪ። በቤተሰቡ የኩላሊት ጠጠር ወይም የካልሲየም መብዛት የተደጋገመበት ሰው ካለ ግን ተናገሪ፤ በዘር የሚመጣ ዓይነትም አለ።

እስኪታወቅ ድረስ ባለቤትሽ መኪና አይንዳ። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሪ፣ ሩጪ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ደብተሩን አሳዪያቸውና «ሕክምናው ሳይዘገይ፣ ከግሉኮሱ በፊት ደም ቅዱለት» በያቸው። ቢቆጡሽም ደግመሽ በያቸው።