«እምነትሽ ቢጠና ኖሮ አትጨነቂም ነበር»

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ልጽፍልዎ ነው።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት ማሽን ላይ እሠራ ነበር። ትእዛዝ ቀነሰ ተባለና ከብዙ ልጆች ጋር ተቀነስኩ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በባቲ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ይመላለሳል። ቆላው ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ልቤ ድው ድው ይላል። ፌስቡክ እከፍትና «መንገድ ተዘጋ፣ መኪና ተቃጠለ» የሚል ወሬ ስፈልግ ዶሮ ይጮኻል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲመጣ ልጆቼን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሽቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎማ እንኳ ሲፈነዳ ብርግግ እላለሁ።

ቤተ ክርስቲያን አልቀርም። ግን ነጠላዬን ተከናንቤ ስቆም የቤት ኪራይ ስደምርና ስቀንስ ቅዳሴው ያልቃል። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ቡና አፍልታ ትጠራኛለች፤ ስልኬን ታቅፌ እቤት እቀራለሁ። ይህንን ሁሉ ለማኅበራችን አንዲት እኅት ብነግራት «እምነትሽ ቢጠና ኖሮ አትጨነቂም ነበር» አለችኝ። አሁን ጭንቀቱ አልበቃ ብሎኝ ኃጢአተኛ ነኝ እያልኩ እብሰለሰላለሁ። እውነት እምነት የለኝም ማለት ነው? ሰላሜንስ ከየት ላምጣው?

እኅትዎ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

እኅቴ፣ አብሽሪ።

የተባልሽውን ነገር ከልብሽ አውጪው፤ ልክ አይደለም። ጌታችን በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል። ይህን ያለው ለደቀ መዛሙርቱ ነው፤ አብረውት እንዲተጉም ለምኗቸዋል። እሱ ጭንቀቱን ለወዳጆቹ ከተናገረ፣ አንቺ ለማኅበር እኅትሽ መናገርሽ በምን ያስወቅስሻል?

«በአንዳች አትጨነቁ» የሚለውን ጥቅስ ሰው እንደ ቁጣ ሲያነብብሽ ሰምተሽ ይሆናል። የጻፈው ቅዱስ ጳውሎስ ነው፤ ለፊልጵስዩስ ሰዎች፣ ታስሮ ሳለ። እዚያው መልእክት ውስጥ ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ሂጂ። አፍሮዲጡ የሚባል ወዳጁ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። ጳውሎስ እግዚአብሔር እንደማረው ሲናገር «ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ» ይላል። ይህ ሰው ወዳጁ ሲታመም የሚጨነቅ ሰው ነው። አትጨነቁ ሲልም ወዲያው የሚቀጥለው ልመናችሁን ለእግዚአብሔር አስታውቁ ብሎ ነው። እዚህ ላይ እስር ቤቱ ይከፈታል አላለም። አእምሮን ሁሉ የሚያልፍ የእግዚአብሔር ሰላም ልባችሁን ይጠብቃል ነው ያለው። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ሰላሙ መንገዱ እስኪከፈት ወይም ስልኩ እስኪጠራ አይጠብቅም።

ኤልያስንም አስቢው። እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። ኤልዛቤል እገድልሃለሁ ስትለው ግን ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ። ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር ምን አደረገ? እምነትህ የት ሄደ አላለውም። መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና። በኮሬብ ተራራ ያነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዐይንሽን ሳትከድኚ ለምታድሪው ለአንቺ ይህ ታሪክ ትልቅ ነገር ይመስለኛል። መተኛትሽን እንደ ድካም አትቁጠሪው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ዳታውን አጥፊው። ስልኩ ራሱ ይጠራ፤ ባለቤትሽ ከደወለ ይሰማሻል። ፌስቡክ ላይ የምታነቢው ወሬ እሱን አንዲት ደቂቃ ቀድሞ አያደርሰውም። ከእሱ ጋርም ተነጋገሩ፤ ባቲ ሲደርስ አንዴ፣ ሚሌ ሲደርስ አንዴ ይደውል። ቆላው ላይ ኔትወርክ እንደሚጠፋ ደግሞ አስቀድመሽ ታውቂዋለሽ።

ጸሎትሽን በተመለከተ፣ ኪራዩ ቅዳሴ መሐል ሲመጣብሽ አትታገዪው። እሱኑ ጸሎት አድርጊው። «ጌታዬ፣ ይህን ያህል ብር ጎድሎኛል፣ ቀኑ ደርሷል» ብለሽ ቁጥሩን ጠርተሽ ንገሪው። ዳዊትም እንዲህ ነው የሚጸልየው። መዝሙር 12ን አውጪ፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 13 ተብሎ ተቆጥሯል። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል። እግዚአብሔርን ረሳኸኝ ሲለው ዝም በል ያለው የለም። አጭር መዝሙር ነው፤ መጨረሻው ላይ «እኔ ግን በቸርነትህ ታመንሁ» ይላል። መጀመሪያውን ብቻ ከልብሽ ማለት የምትችይባቸው ሌሊቶች ይኖራሉ። እነሱም ጸሎት ናቸው። ውዳሴ ማርያምም የየቀኑ ድርሻ አለው፤ የዕለቱን ብቻ ድገሚ፤ ያለፈሽን ለመክፈል አትሩጪ።

ጎረቤትሽ ስትጠራሽ ደግሞ ሂጂ፣ እባክሽ። ልብሽ አቦሉን ጠጥተሽ ተነሺ ቢልሽም እስከ በረካው ቆዪ። የጨነቀሽን ንገሪያት፤ በራሷ ዱዓ ታስብሻለች፤ እኛ ወሎዎች እንዲህ ነው ያደግነው። ብቻሽን ስልክ ታቅፈሽ ከመቀመጥ ይሻልሻል።

ጎማ ሲፈነዳ መበርገግሽን በቀላሉ አላየውም። ጦርነት ያየ ሰው አካሉ ቶሎ አይረሳም። እንቅልፉም ካልተመለሰ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ሐኪምም ጋ ሂጂ። ጠበል እየጠጡ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል አይደለም።

የማኅበር እኅትሽን አትቀየሚያት፤ ልታጽናናሽ ፈልጋ ቃል አጥሯት ይሆናል። በሚቀጥለው ጽዋ አጠገቧ ተቀመጪና «ምክር አይደለም የፈለግኩት፣ አብረሽኝ ጸልዪ» በያት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ግማሹ ሌሊትሽ የሚያልቀው በኪራይ ነውና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቅነሳ ለተሰናበተ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ ይፈቅዳል። ካልተከፈለሽ የስንብት ደብዳቤሽንና የደመወዝ ማስረጃሽን ይዘሽ ከተማው ውስጥ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ። አብረውሽ የተቀነሱትንም ይዘሻቸው ሂጂ።