ዘፈኑን የድራመሯ እጅ ይምረጥላችሁ

እህቴ፣ ጥያቄሽ የራሴን የመጀመሪያ ዓመት ስላስታወሰኝ በአጭሩ መመለስ አልቻልኩም። ጃፓን፣ ሴንዳይ ከተማ ለትምህርት ከመጣሽ አምስት ወርሽ ነው። በዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ክበብ ገብተሽ አራት ሆናችሁ ባንድ መሥርታችኋል፤ አንቺ ጊታር እየመታሽ ትዘፍኛለሽ፤ ድራመራችሁ ዱላ የጨበጠችው ገና በኤፕሪል ነው። በኖቬምበሩ በዓል 20 ደቂቃ ተሰጥቷችሁ «ለጀማሪ ባንድ ቀላል የጃፓን ሮክ ዘፈን የትኛው ነው?» ብለሻል። እኔ ኦሳካ ስማር እንዲህ ባለ ክበብ ውስጥ አራት ዓመት ቤዝ ጊታር ተጫውቻለሁ፤ ከዚያም በኋላ አዲስ ገቢዎች ዘፈን ሲመርጡ ብዙ ጊዜ አብሬያቸው ተቀምጫለሁ።

ከሁሉ በፊት የምልሽ፦ ዘፈኑን የድራመሯ እጅ ይምረጠው። ሰው «ቀላል» ሲል የጊታሩን ኮርድ ይቆጥራል፤ አራት ኮርድ ብቻ ካለው ቀለለ ማለት ነው ይላል። መድረክ ላይ ግን ጊታሪስቱ አንድ ኮርድ ቢስት ዘፈኑ ይቀጥላል፣ ሰሚውም ላያስተውለው ይችላል። ድራሙ ከቆመ ግን ሁሉም ይቆማል።

ይህን የተማርኩት ጓደኛዬን ጎድቼ ነው። የመጀመሪያ መድረካችን ላይ ኤዥያን ኩንግ-ፉ ጄኔሬሽን የተባለውን የሮክ ባንድ «ሃሩካ ካናታ» መረጥን። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ፣ «ናሩቶ» የተባለው የጃፓን ካርቱን መክፈቻ ዘፈን ስለሆነ የማያውቀው ወጣት የለም። እኔ ደግሞ የወደድኩት በቤዝ ብቻ ስለሚጀምር ነበር። ጊታሮቹ በሦስት ሳምንት ያዙት፤ በልምምድ ጊዜ ቀነስ አድርገን ስለምንጫወተው ማንም አልሰጋም። መድረክ ላይ ልብ ሲመታ እጅም ይፈጥናል። ገና ስጀምር ከልምምዱ ፍጥነት በላይ አስነሳሁት። ድራመራችን ሁለተኛው አዝማች ላይ ቀኝ ክንዱ ደርቆ እንጨት ሆነ፣ ዱላው ወደቀ፣ ዘፈኑ ቆመ። እንደገና አራት ቆጥረን ጨረስነው፤ ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ልምምድ አልመጣም። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ለእጁ ያልደረሰ ዘፈን የሰጠነው እኛ ነን፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ዝርዝር ከማውጣታችሁ በፊት ስቱዲዮ ግቡና አንድ ነገር ሞክሩ። ድራመሯ እዚህ አገር «ኤይቶ ቢቶ» የሚሉትን፣ ማለትም አራት በተቆጠረ ቁጥር ሃይ-ሃቱ (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ጸናጽል) ስምንት ጊዜ የሚመታበትን ተራ ምት፣ ከሜትሮኖም (ምት ከሚቆጥረው መሣሪያ) ጋር አራት ደቂቃ ሳታቋርጥ ትምታ። ትከሻዋ ሳይወጣጠር የምትጨርስበት ከፍተኛ ፍጥነት የባንዳችሁ ጣሪያ ነው። መድረክ ላይ ስለምትፈጥኑ ከጣሪያው ዝቅ ያለ ዘፈን ፈልጉ።

አሁን ወደ ዘፈኖቹ። ከሁሉ በፊት የማስቀምጠው ዘ ብሉ ሃርትስ የተባለውን ባንድ «ሊንዳ ሊንዳ» ነው። በ1987 የወጣ ነው፤ እዚህ አገር ጀማሪ ባንድ ሁሉ አንዴ ያለፈበት በር ነው ብል አላጋነንኩም። በ2005 የወጣ፣ ስሙንም ከዚሁ ዘፈን የወሰደ ፊልም አለ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሴቶች ለትምህርት ቤት በዓል ጥቂት ቀን ሲቀራቸው የኮሪያ ተማሪ ዘፋኝ አድርገው ይህን ሲለማመዱ ያሳያል። አንቺም ባዕድ አገር ሆነሽ የምትዘፍኚ ስለሆንሽ ብታዪው ደስ ይለኛል። ዘፈኑ በድምፅና በጊታር ብቻ ዝግ ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። አዝማቹ ርዕሱን መደጋገም ስለሆነ አዳራሹ ራሱ ይዘፍንላችኋል። ጊታሩ በፓወር ኮርድ፣ ማለትም ሁለት ሦስት ክር ብቻ ተይዞ በሚመታ ቀላል ኮርድ፣ ይሄዳል።

ፈጣን አይደለም ወይ ካልሽ፣ አዎ ፈጣን ነው። ግን ምቱ አይለዋወጥም፤ ከቅጂው ቀንሳችሁ ብትጫወቱትም ጉልበቱን አያጣም። ለድራመሯ ደግሞ አንድ መፍትሔ አለ፦ ሃይ-ሃቱን ስምንት ጊዜ በመምታት ፋንታ አራት ጊዜ ትምታው። የቀኝ እጇ ሥራ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስኔሩ (ከፊቷ ያለው ትንሹ ከበሮ) እና በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ በቦታቸው እስካሉ ድረስ ሰሚው የጎደለ ነገር አይሰማውም። ጥንቃቄ የሚፈልገው ቦታ ዝግ ካለው መግቢያ ወደ ፈጣኑ መሻገሪያው ነው። እዚያ ላይ አንቺ በስሜት ተነድተሽ አታስጀምሪ። ድራመሯ በዱላዋ አራት ትቁጠር፣ በእሷ ፍጥነት ግቡ። እንደኔ ይህን መሻገሪያ ብቻ ሃያ ጊዜ መለማመድ ዘፈኑን ሙሉውን አምስት ጊዜ ከመጫወት ይሻላል።

ሁለተኛ የስፒትዝ «ቼሪ»፣ የ1996 ዘፈን። መካከለኛ ፍጥነት ስላለው ድራመሯ ትተነፍስበታለች። የዘፋኙ ድምፅ ከፍ ያለ ስለሆነ ብዙ ሴቶች ኪይ (የዜማውን የድምፅ ከፍታ) ሳይቀይሩ ይዘፍኑታል። ችግሩ ጊታር ላይ ኤፍ ኮርድ ነው፤ ጃፓኖች ራሳቸው «የኤፍ ግድግዳ» ይሉታል፣ ጀማሪ ጣቱ አልዘጋ ብሎት ጊታሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሆነ። አንቺ እየዘፈንሽ ስለምትመቺ ስድስቱንም ክር ለመዝጋት አትታገዪ። ከታች ያሉትን አራት ቀጫጭን ክሮች ብቻ ያዢ፤ ወፍራሙን ድምፅ ቤዙ ይሸፍንልሻል።

ሦስተኛው የሞንጎል 800 «ቺሳና ኮይ ኖ ኡታ» ነው። ሞንጎል 800 የኦኪናዋ ልጆች ናቸው፤ ዘፈኑ በ2001 የወጣ ሲሆን ቤዝ የሚጫወተው ራሱ ይዘፍነዋል። ያኔ ሦስት ሰው ብቻ የነበረበት ባንድ የጻፈው በመሆኑ የተደራረበ ነገር የለውም፣ እናንተ አራት ስትሆኑ አንዱ ጊታር መግቢያዋን ዜማ ብቻ በርጋታ ይይዛል። ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ለድራም ከሦስቱ ከባዱ ይህ ነው፤ የሙከራውን ውጤት ሳታዩ አትወስኑ።

ድምፃቸው ቀላል መስሎ የሚያታልሉም አሉ። የቻትሞንቺ «ሻንግሪ-ላ» (2006) ሲሰሙት ዳንስ ነው፣ እግር የማይቆም ምት አለው፤ አዝማቹ ላይ ግን ቆጠራው ስለሚዛነፍ አራት እየቆጠረ የሚሄድ ሰው ቦታው ይጠፋበታል። የኤዥያን ኩንግ-ፉ «ሪራይት»ም እንዲሁ፤ መሐሉ ላይ ጠባዩን ቀይሮ ይመለሳል፣ ያ መመለሻ ለአምስት ወር ባንድ ከባድ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩአቸው።

ድራመሯ ለ«ቺሳና ኮይ ኖ ኡታ» ካልደረሰች የሾኔን ናይፍን ሥራዎች አዳምጡ። በ1981 ኦሳካ የተመሠረተ የሴቶች ባንድ ነው፤ በ1991 ከኒርቫና ጋር በብሪታንያ የተዘዋወሩት እነሱ ናቸው። አጫጭር፣ ግልጽ፣ ለእጅ የሚራሩ ዘፈኖች አሏቸው፤ በእንግሊዝኛ የተዘፈኑም ስላሉ ቋንቋው ካስጨነቀሽ አንዱ ያሳርፍሻል።

ስለ ቋንቋው ካነሳን፣ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን። ግጥሙን በላቲን ፊደል አትጻፊው፤ በፊደላችን ጻፊው። የእነሱ አናባቢዎች አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ ናቸው፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ በእነሱም አንድ አንድ ፊደል ነው። እኔ ግጥሙን በአማርኛ ፊደል ከጻፍኩት በኋላ በአንድ ሳምንት በቃሌ ያዝኩት። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ እኛ «አለ»ን ስናጠብቅና ስናላላ ትርጉሙ እንደሚለወጥ፣ በእነሱም «ኪቴ» ሲላላ መምጣት ነው፣ «ቴ»ው ሲጠብቅ ደግሞ የፖስታ ቴምብር። ፊደላችን ማጥበቁን ስለማያሳይ እኔ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አደርግ ነበር፤ በዘፈን ውስጥ ያ ማጥበቂያ የራሱን ምት ይወስዳልና። ሁለተኛ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው «ን» ለብቻው አንድ ምት ነው፤ «ሆን» (መጽሐፍ) ሁለት ምት ሆኖ ይዘፈናል። ይህን ካወቅሽ ቃሉ ከዜማው አይቀድምም አይዘገይም። ዜማውም ብዙ ጊዜ አይርቅሽም፤ «ዮናኑኪ» የሚሉት፣ አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ የወጡበት የቆየ ቅኝታቸው፣ ድምፆቹ ከእኛ ትዝታ ሜጀር ጋር አንድ ናቸው።

20 ደቂቃ ሲባል አራት ዘፈን እንዳይመስልሽ። በብዙ በዓል ገመድ መሰካትም መንቀልም በዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ሦስት ዘፈን በቂ ነው፤ በመካከሉ አንቺ ስለ ራሳችሁ ትንሽ ታወሪያለሽ፣ ድራመሯም ክንዷን ታፍታታለች። ቅደም ተከተሉ «ቼሪ»፣ ከዚያ ሁለተኛው የመረጣችሁት፣ መጨረሻ «ሊንዳ ሊንዳ» ይሁን። ሦስቱንም በአንድ ዓይነት የክር ቅኝት ተጫወቱ፤ መድረክ ላይ ክር መቃኘት የሚበላውን ደቂቃ ያላየ አያውቀውም።

የእያንዳንዱን መሣሪያ ክፍል የያዘ «ባንድ ስኮር» የሚባል መጽሐፍ በሙዚቃ መደብር ይሸጣል፤ ክበባችሁም ቁም ሳጥን ውስጥ ሳይኖረው አይቀርም፣ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ። ስቱዲዮዎች ሮላንድ ጄሲ-120 እና ማርሻል አምፕሊፋየር ብዙ ጊዜ ስላላቸው መድረክ ላይ የሚጠብቃችሁን ዓይነት አስቀድማችሁ ሞክሩ። ድራመሯ ለብቻዋ ስትለማመድ ስቱዲዮውን በዋዜማው ወይም በዕለቱ ብትይዝ በብዙ ቦታ ዋጋው ይረክሳል።

በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት አዲስ ዘፈን አትጨምሩ። ቆማችሁ፣ ወደ ግድግዳው መስታወት ዞራችሁ፣ ሦስቱን በተከታታይ ሳታቆሙ ተጫወቱ። ሰው ቢሳሳትም ማቆም የለም። ስልክ አስቀምጣችሁ ቅረጹና ከጊታሩ በፊት ድራሙን ብቻ አዳምጡ፤ የፈጠነችበት ቦታ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከእሷ በፊት የፈጠነ ጊታር አለ።

የሙከራውን ውጤት፣ አራት ደቂቃ ሳትደክም የመታችበትን የሜትሮኖም ቁጥር፣ ላኪልኝ። «ቺሳና ኮይ ኖ ኡታ»ን ዘንድሮ ትሞክሩት ወይስ ትተዉት የሚለውን እሱን አይቼ እነግርሻለሁ።