ዳይናሚክ ቋንቋ ጄቪኤም ላይ ለምን ይንቀራፈፋል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ «ጄቪኤም (የጃቫ ፕሮግራሞችን የሚያስኬደው ማሽን) ላይ ትንሽ ዳይናሚክ ቋንቋ (የነገሮች ዓይነት ሲሮጥ ብቻ የሚታወቅበት) እየሠራሁ ነው፤ ሜቶዱን ከሃሽማፕ (በስም ከሚፈለግበት ሠንጠረዥ) ፈልጌ በሪፍሌክሽን (ሲሮጥ በስሙ አግኝቶ በመጥራት) ስጠራው በጣም ቀርፋፋ ሆነብኝ፤ ኢንቮክዳይናሚክ (የጥሪውን ሕግ ለቋንቋው ሠሪ የሚተወው የጄቪኤም ትእዛዝ) ይሻለኛል ወይ?» ነው። ይሻልሃል፤ ግን ስላስገባኸው ብቻ አይፈጥንልህም።

ጊዜህን የሚበላው ፍለጋው ብቻ እንዳይመስልህ። ጂት ኮምፓይለሩ (ኮዱን እየሮጠ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) ጉልበቱ ያለው ኢንላይን ማድረጉ፣ ማለትም የተጠራውን ሜቶድ ኮድ ጠሪው ውስጥ መክተቱ ላይ ነው፤ በሃሽማፕ በኩል ስትዞር ግን ማን ሊጠራ እንደሆነ አያውቅም። እስከ ጃቫ 7 (2011) ድረስ የነበሩት አራቱ የመጥሪያ ባይትኮዶች (የጄቪኤም ትእዛዞች) የሚያውቁት የጃቫን ሕግ ብቻ ስለነበር እነ ጄሩቢና ግሩቪም (ጄቪኤም ላይ የሚሮጡ ዳይናሚክ ቋንቋዎች) በዚሁ ሲቸገሩ ነው የኖሩት።

በኢንቮክዳይናሚክ ሕጉን የምታወጣው አንተ ነህ። ፕሮግራሙ ጥሪው ላይ ሲደርስ ጄቪኤሙ የአንተን ቡትስትራፕ ሜቶድ (ጥሪውን የሚያገናኘውን) አንዴ ይጠራል፤ አንተም ኮልሳይት (ጥሪው የት እንደሚሄድ የሚይዝ ኦብጀክት) ትመልስለታለህ። ለምሳሌ «ሀ.ርዝመት()» ላይ ሀ ስትሪንግ ሆኖ መጣ እንበል። የስትሪንጉን ሜቶድ ፈልገህ በጋርድዊዝቴስት (ዓይነቱን ፈትሾ መንገድ በሚመርጠው፤ ፍተሻው ጋርድ ይባላል) ትጠቀልለዋለህ፦ ሀ አሁንም ስትሪንግ ከሆነ በቀጥታ ወደ ሜቶዱ፣ ካልሆነ እንደገና ወደ ፍለጋው። ይህን ሙተብል ኮልሳይቱ (ታርጌቱ፣ ማለትም የሚጠቁመው ሜቶድ፣ ሊቀየር የሚችለው ኮልሳይት) ላይ ታስቀምጠዋለህ። ጂቱ ታርጌቱን እንደ ቋሚ ስለሚቆጥረው እስከ ውስጥ ድረስ ኢንላይን ያደርግልሃል። የጃቫ 8 ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ፈንክሽን) ራሱ በዚሁ ባይትኮድ ነው የሚሠራው፤ ለእኛ ለዳይናሚክ ቋንቋ ሠሪዎች የተሠራው ነገር ለጃቫም ተረፈ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ጥሪ ላይ ዓይነቱ ብዙ ከሆነ የጋርዱ ሰንሰለት ይረዝማል፤ ታርጌቱን በቀያየርክ ቁጥር ደግሞ ኮምፓይል የተደረገው ኮድ ይጣላል። እኔ ከአራት ከአምስት ዓይነት ሲያልፍ ጋርድ መጨመሬን ትቼ ወደ ተራው የሃሽማፕ ፍለጋ ነው የምመልሰው። ቋንቋህ እየሠራ ሜቶድ መቀየር ከፈቀደ ስዊችፖይንት (ሲጠፋ በእሱ ላይ የቆሙትን ጥሪዎች ሁሉ ወደ ፍለጋው የሚመልስ ማብሪያ ማጥፊያ) ተጠቀም፤ ግን ለየክላሱ አድርገው። ለሁሉም አንድ ካደረግክ ፕሮግራሙ ሲነሳ እያንዳንዷ ዴፊኒሽን ያለውን ሁሉ ታፈርስብሃለች።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የቁጥር ሉፕህ ከጃቫ ኋላ ሊቀር ይችላል፤ ከ-128 እስከ 127 ካለው ውጪ ያለ ኢንቴጀር ቦክስ ሲደረግ (ኦብጀክት ውስጥ ሲጠቀለል) በአብዛኛው አዲስ ኦብጀክት ነው። የፕሮግራሙ አነሳስም ይዘገያል፤ ስለዚህ አንዴ ሮጦ ለሚያልቅ ስክሪፕት ባትደክምበት ይሻላል። ቋንቋህን ገና እየጀመርክ ከሆነና ግራልቪኤም (ሌላ የጃቫ ማስኬጃ) ላይ መሮጥ ከቻልክ ትራፍልን (የቋንቋ መሥሪያ ላይብረሪ) እይ፦ ኢንተርፕሪተር (ኮዱን እያነበበ የሚፈጽም ፕሮግራም) ብቻ ትጽፋለህ፣ ባይትኮድ ማመንጨቱ ይቀርልሃል።

የቡትስትራፕ ኮድህን እዚሁ ለጥፈው፣ እናየዋለን።