"የሚሠራን ሰርቨር አትንካ" ለሚል አለቃ፦ ስለ አፕዴትና ስለ ሪቡት

ጥያቄህን እንደገባኝ ላስቀምጠው። ሃያ ገደማ ሰርቨር ተረክበሃል፤ አብዛኛው ኡቡንቱ፣ ጥቂት ሴንትኦኤስ 7 (ሁለቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው)፣ ሁለት ዊንዶውስ ሰርቨር። ከተጫኑ ወዲህ አፕዴት ያደረጋቸው ሰው የለም። አለቃህ "የሚሠራውን አትነካካ" ይልሃል፤ አንተ ደግሞ አውቶማቲክ አፕዴት ላብራ ወይስ በየወሩ በእጄ ልሥራ ብለሃል።

ከእኔ በፊት ጥያቄህን የመለሱት ልጆች የአፕዴት ትእዛዞቹን በደንብ ጽፈውልሃል፤ አልደግማቸውም። እኔ የሚታየኝ ችግር ሌላ ቦታ ነው። ሰው አፕዴት እፈራለሁ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ሪቡቱን፣ ማለትም ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና መነሣቱን፣ ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው። ሪቡቱን የሚፈራው ደግሞ ማሽኑ ተመልሶ ስለመነሣቱ እርግጠኛ ስላልሆነ ነው። አንዳንዱ "ሦስት ዓመት ሳይጠፋ የሠራ ሰርቨር" ብሎ ስክሪንሾት ሲለጥፍ እኔ የማነበው፣ ላይቭፓች (ያለ ሪቡት የሚጠግን ዘዴ) ካልተጠቀመ በቀር፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሦስት ዓመት ሙሉ እንዳልተጠገነ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ግራ ሊያጋባህ ይችላል፦ ምንም አፕዴት ሳታደርግ ሰርቨሩን ሪቡት አድርገው። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ልንገርህ። ከሌላ ሰው የተረከብኩት አንድ የሊኑክስ ሰርቨር ነበር። በተፈቀደልኝ ሰዓት ሪቡት አደረግኩት፤ አልተነሣም። ኮንሶሉን (ኔትወርክ ባይኖርም ማሽኑን በቀጥታ የሚያሳየውን መስኮት) ከፍቼ ሳይ፣ ኤፍስታብ (ማሽኑ ሲነሣ የሚያያዙት ዲስኮች ዝርዝር ፋይል) ውስጥ ድሮ የተነቀለ ዲስክ መስመር ቀርቷል፤ ሲስተምዲ (ሰርቪሶችን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ዲስኩን 90 ሰከንድ ጠብቆ ሲያጣው ኢመርጀንሲ ሞድ (ለጥገና ብቻ የሚከፈት ሁነታ) ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል። መስመሩን አጥፍቼ ሲነሣ አፕሊኬሽኑ የለም፤ ለካ አንድ ሰው ስክሪን በሚባል የተርሚናል ፕሮግራም ውስጥ በእጁ አስነሥቶት የሄደ እንጂ ከማሽኑ ጋር ራሱ የሚነሣ ሰርቪስ ሆኖ አያውቅም። እሱንም አስተካከልኩ፤ አሁንም ከውጭ አይገባም። የፋየርዎሉ ሕግ በእጅ ተጽፎ ሳይቀመጥ ቀርቷል፤ ከሪቡቱ ጋር ጠፋ። ሦስቱም ከአፕዴት ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። አስቀድሜ አፕዴት አድርጌ ቢሆን ግን ጥፋቱ ሁሉ በፓቹ (በጥገናው) ላይ ይደፈደፍ ነበር፤ ለዓመት ያህል ማንም ያንን ማሽን እንድነካ አይፈቅድልኝም።

ከሪቡቱ በፊት የሚሠሩትን ሰርቪሶች፣ የተከፈቱትን ፖርቶች፣ የተያያዙትን ዲስኮችና የፋየርዎሉን ሕጎች ወደ አንድ ፋይል ገልብጥ፤ ሲነሣ ያንኑ እንደገና አውጣና አወዳድር። ኮንሶሉ እንደሚከፈትልህም ያኔውኑ አረጋግጥ። ኤስኤስኤች (በኔትወርክ ከርቀት መግቢያውን) ብቻ ይዘህ ሪቡት አትጫን። ባክአፕህንም አንድ ጊዜ ሪስቶር አድርገህ ሞክረው፤ ስናፕሾት (የዲስኩ የአንድ ቅጽበት ቅጂ) ጥሩ ነው፣ ግን የባክአፕን ቦታ አይተካም። ዳታቤዝ ላይ ደግሞ ወደ ስናፕሾት መመለስ ማለት ከዚያ ወዲህ የተመዘገበውን ሁሉ መጣል ማለት ነው።

ማሽኑ በሰላም ከተነሣ አፕዴቱን አድርግና እንደገና ሪቡት አድርግ። ሁለተኛውን ሪቡት የሚዘሉ ብዙ ናቸው። አዲሱ ከርነል ዲስክ ላይ ይቀመጥ እንጂ እየሠራ ያለው የድሮው ነው። ላይብረሪም (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) እንደዚያው። በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ የወጣ ጊዜ ኦፕን ኤስኤስኤልን (ቀዳዳው ያለበትን የምስጠራ ላይብረሪ) አፕዴት አድርገው ዌብ ሰርቨሩን ሪስታርት ያላደረጉ ሰዎች፣ ፓኬጁ አዲስ ሆኖ እያዩት ሚሞሪ ውስጥ ግን የተቀደደውን ስሪት ይዘው ቀጥለዋል። ኡቡንቱ ላይ "ኒድሪስታርት" የትኛው ሰርቪስ የድሮውን እንደያዘ ይነግርሃል፤ ቫር ረን (/var/run) ውስጥ "ሪቡት ሪኳየርድ" የሚል ፋይል ካየህ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ሪቡት እየጠየቀህ ነው። ሴንትኦኤስ ባለበት በሬድ ሃት ቤተሰብ "ኒድስ ሪስታርቲንግ" ተመሳሳዩን ይሠራል። ቡት ፓርቲሽኑ (ከርነሎቹ የሚቀመጡበት የዲስክ ክፍል) በድሮ ከርነሎች አለመሙላቱንም ቀድመህ እይ፤ ከሞላ አፕዴቱ መሀል ላይ ይቆምብሃል።

አውቶማቲክ ይሁን በእጅ ላልከው፦ ኡቡንቱዎቹ ላይ አንአቴንድድ አፕግሬድስን (አፕዴቱን ራሱ የሚጭነውን ፕሮግራም) አብራ፣ ሴኩሪቲ አፕዴት ብቻ ይጫን። ሳትነካው ራሱ ሪቡት አያደርግም፤ ሰዓቱን አንተ ትወስናለህ። ዳታቤዝ የያዙትን ከዚህ አውጣቸውና በእጅህ ሥራቸው። ሁሉንም በአንድ ሌሊት አታድርግ፤ ቢወድቅ ማንም የማይጮህበትን አንድ ማሽን አስቀድም፣ ሁለት ሦስት ቀን እየው፣ ከዚያ ሌሎቹን ከፋፍለህ ሂድ። በጁላይ 2024 የደኅንነት ሶፍትዌር ድርጅቱ የክራውድስትራይክ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን የሚገመት ዊንዶውስ ማሽን ሲጥል፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ፓች ባይሆንም፣ ሁሉም ጋ በአንዴ መላኩ ነበር ጉዳቱን ያገዘፈው። ነገሩ አስቸኳይ ሲሆን፣ ማለትም ቀዳዳው ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት ሆኖ ጥቃት ሲጀመርበት፣ መጠበቁን ወደ ሰዓታት አሳጥረው።

ለአለቃህ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ቫይረስ፣ የዋናክራይን ቀኖች አሳየው። ማይክሮሶፍት ፓቹን የለቀቀው ማርች 14 ቀን 2017 ነው፤ ዋናክራይ የተነሣው ሜይ 12። ሁለት ወር ያህል መድኃኒቱ ተቀምጦ ነበር፤ በዚያ ቀዳዳ የገባባቸው ፓቹን ያልጫኑ ማሽኖች ናቸው። ከዚያ "እንዳትነካካ" ከማለት ይልቅ "በወር አንድ ሌሊት ለሪቡት የተፈቀደ ሰዓት ይኑር" የሚል ወረቀት ላይ አስፈርመው። በእኔ ልምድ ከየትኛውም መሣሪያ ይልቅ የጠቀመኝ ይህ ፊርማ ነው፤ ፈቃድ በየጊዜው ከመለመን ያወጣሃል።

ሴንትኦኤስ 7 ላይ ግን ልፋትህን አታባክን። ድጋፉ ጁን 30 ቀን 2024 አብቅቷል፤ አዲስ ፓች አይመጣለትም፣ የፓኬጅ አድራሻዎቹም ወደ ማኅደር ስለተዛወሩ ፓኬጅ ጫኙ ፕሮግራም yum ራሱ ስህተት ይመልስልሃል። ባለበት ወደ አልማ ወይም ሮኪ (የሴንትኦኤስ ተተኪ ሊኑክሶች) ማሸጋገር ይቻላል፤ እኔ ግን አዲስ ማሽን ተክዬ አፕሊኬሽኑን ማዛወር እመርጣለሁ። የማይነሣ ነገር ቢገጥመኝ አሮጌው እዚያው እየሠራ ይቆየኛል። እስክታዛውር ድረስ ከኢንተርኔት አርቀው፣ የሚያስፈልገውን ፖርት ብቻ ተውለት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በቅርቡ ይመጣብሃል። ኦዲተር ስካነር (ቀዳዳ መፈለጊያ ፕሮግራም) አስሮጦ "ኦፕን ኤስኤስኤች አሮጌ ነው" የሚል ረጅም ሪፖርት ይልክልሃል። አትደንግጥ፣ ከኢንተርኔት አዲሱን አውርደህ ኮምፓይል ለማድረግም አትቸኩል። ኡቡንቱ፣ ዴቢያንና ሬድ ሃት የሴኩሪቲ ጥገናውን ወስደው በነበረው ስሪት ላይ ነው የሚለጥፉት፤ የፊተኛው ቁጥር አይለወጥም፣ ከኋላው ያለው ትንሹ ቁጥር ነው የሚጨምረው። የሲቪኢውን (የቀዳዳውን መለያ) ቁጥር በዲስትሪቡሽኑ የሴኩሪቲ ገጽ ላይ ፈልግ፤ በየትኛው ፓኬጅ እንደተጠገነ ተጽፎ ታገኘዋለህ፣ ያንን ለኦዲተሩ ላክ። አዲስ ስሪት ማሳደድ ሁልጊዜ ደኅንነት አይሰጥም፤ ማርች 2024 ላይ በኤክስዜድ (ፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም) የተገኘው የኋላ በር፣ ማለትም ሆን ተብሎ የተደበቀ የአጥቂ መግቢያ፣ 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ውስጥ ነበር፣ የዴቢያን ስቴብልን (የተረጋጋውን ስሪት) የሚጠቀሙ አልነካቸውም።

ዊንዶውሶቹን በተመለከተ ስሪታቸውን አልጻፍክም። 2012 አር2 ከሆኑ መደበኛ ድጋፋቸው ኦክቶበር 10 ቀን 2023 አልቋል፣ ነገሩ እንደ ሴንትኦኤሱ ነው። 2016 ከሆኑ እስከ ጃንዋሪ 2027 አላቸው። የትኞቹ እንደሆኑና ምን እንደሚሠሩ፣ በተለይ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የተጠቃሚዎችን መግቢያ የሚያስተዳድረው) የያዘ ካለ፣ ጻፍልኝና በዚያ ላይ እንነጋገር።