ሺህ ዓመቱና ሁለቱ ትንሣኤዎች
ወንድሜ፣ «ራእይ 20 ላይ ፊተኛው ትንሣኤ ካለ ሙታን ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የሚነሡት? ቅዱሳን ከክርስቶስ ጋር የሚነግሡበት ሺህ ዓመትስ ቃል በቃል ነው?» ላልከው፣ እኔ የምጀምረው ከዮሐንስ 5 ነው። ቁጥር 25 ላይ ጌታ ሙታን ድምፁን ሰምተው በሕይወት የሚኖሩበት ሰዓት አሁን ነው ይላል፤ ቁጥር 28 ላይ ግን በመቃብር ያሉት ሁሉ የሚወጡበት ሰዓት ገና ወደፊት ነው። ስለዚህ እንደኔ ፊተኛው ከኃጢአት ሞት መነሣት ነው፣ ሁለተኛው የሥጋ ትንሣኤ። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስም ራእይ 20ን ያነበበው እንዲሁ ነው፣ ሺህ ዓመቱንም አሁን ያለንበት የቤተ ክርስቲያን ዘመን አድርጎ ተረድቶታል።

ግን በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዮስጢኖስ ሰማዕትና ሄሬኔዎስ ሺህ ዓመቱን ቃል በቃል ተቀብለውታል፣ እነሱን የሚያህሉ አባቶች! እና ዛሬ እንደዚያ የሚያምነውን መናፍቅ ብለህ ለመዝለፍ አትቸኩል። በጸሎተ ሃይማኖት የምንለው የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን ነው፣ ስለ ሺህ ዓመት አንድም ቃል የለበትም።

ዩቲዩብ ላይ ጌታ የሚመጣበትን ቀን የሚቆርጡትን ግን በፍጹም አትስማቸው፤ ማቴዎስ 24፥36 ግልጽ ነው፣ ያችን ቀን ከአብ በቀር የሚያውቅ የለም። አሁን 1ኛ ቆሮንቶስ 15ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብብና ወደ ራእይ ተመለስ፣ ያልገባህን እዚሁ ጻፍልኝ።